ግብፆች ጋ እንቆርባለን፤ ግሪኮች ጋ ግን አንቆርብም። ከመቼ ጀምሮ?

የሜሪላንዷ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። የ12 ዓመት ልጄ የጠየቀችኝን መመለስ አቅቶኝ ነው የመጣሁት። የክፍል ጓደኛዋ ግሪካዊት ናት። እሑድ ዕለት የጓደኛዋ ወንድም ክርስትና ሲነሣ ተጠርታ ሄዳ ነበር። ስትመለስ መኪና ውስጥ፣ «እማዬ፣ ዕጣኑም ሥዕሉም ጧፉም እንደኛ ነው። ቄሱም ኦርቶዶክስ ነን አሉኝ። ታዲያ ለቁርባን ልሰለፍ ስል የጓደኛዬ እናት ለምን እጄን ይዛ አስቀረችኝ?» አለችኝ። ባለፈው ዓመት በግብፆች ቤተ ክርስቲያን ቆርበናል፤ ማንም አላስቀረንም። እሷም ይህንኑ አነሣችብኝ።

«የእነሱ ሌላ ነው» አልኳት። «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። 20 ዓመት ሙሉ ሳስቀድስ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። የምታውቁ እባካችሁ ለልጅ በሚገባ አማርኛ አስረዱኝ።


ታሪክ አስተማሪ

እኅቴ፣ አጭሩ መልስ ከ451 ጀምሮ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሌሎቻችሁም እንደዚሁ ጻፉልን)። ቁጥሩን ብቻ ከነገርሻት ግን ነገ «በ451 ምን ሆነ?» ትልሻለች፤ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አይሁድ ነበሩ፤ ቤተ መቅደስ ይወጣሉ፣ ሰንበት ያከብራሉ። «ክርስቲያን» የሚለው ስም ራሱ የወጣላቸው በአንጾኪያ ነው (ሐዋ. 11፥26)። የመጀመሪያው ትልቅ ክርክራቸውም ስለ ግዝረት ነበር፤ ከአሕዛብ ያመነ ሰው ይገረዝ ወይስ አይገረዝ? ሐዋርያት ኢየሩሳሌም ተሰብስበው ቀንበሩን አንጭንባቸውም ብለው ወሰኑ (ሐዋ. 15)። በ70 ደግሞ የሮም ጦር በቲቶ መሪነት ኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደሷን ጨምሮ አወደማት። ከዚያ በኋላ የክርስትና ክብደት ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ዞረ፤ አንጾኪያ፣ እስክንድርያ፣ ሮም፣ ቆይቶም ቁስጥንጥንያ። የከተሞቹን ስም ያዢልኝ። በኋላ የሚጣሉት እነሱ ናቸው።

ለ300 ዓመት ያህል ክርስቲያን መሆን በሮም ግዛት አደጋ ነበር። ኔሮን በ64 ለሮም ቃጠሎ በእነሱ አሳበበ። በ303 ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። ግብፆች የደረሰባቸውን ስላልረሱት ዘመን የሚቆጥሩት ይህ ንጉሥ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው ነው፤ «ዓመተ ሰማዕታት» የምንለው ነው። በ313 ቆስጠንጢኖስና ሊቅንዮስ በሚላን ተስማምተው ክርስቲያኖችን ነፃ አወጡ። በ380 ደግሞ ቴዎዶስዮስ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገው።

ከ313 እስከ 380 ምን ያህል ነው? 67 ዓመት። አያቱ ለእምነቱ የታሰረ ሰው የልጅ ልጁ የንጉሡን ሃይማኖት ይዞ ተገኘ። ለእኔ ከቁርባኑ መለያየት ጀርባ ያለው ዋናው ነገር ይህ ፍጥነት ነው። ከዚያ ወዲህ የሃይማኖት ክርክር የመንግሥት ጉዳይ ሆነ፤ ጉባኤ የሚጠራው ንጉሥ፣ የተረታውን ጳጳስ የሚያግዘውም ንጉሥ። ቅዱስ አትናቴዎስ 5 ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል። ያሳደዱት ነገሥታት፣ ከአንዱ በቀር፣ ክርስቲያን ነን የሚሉ ነበሩ።

ወደ 451 እመለሳለሁ፤ አሁን ክፍለ ጊዜ ደረሰብኝ።


ዜማ ቤት

መምህር እስኪመለስ እኔ ልቀጥል። ልጅነቴን በቆሎ ተማሪነት ነው ያሳለፍኩት፤ የማውቀውም በዜማ በኩል ነው።

እናቲቱ፣ እሑድ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ ልጅሽን ጆሮዋን እንድታቆም ንገሪያት። «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ» ይላል፤ የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ። ቀጥሎም «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ»፤ በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ። እነዚህን ሁለት ሐረጎች የወለዳቸው የአንድ ሰው ትምህርት ነው። አርዮስ የተባለ የእስክንድርያ ቄስ «ወልድ ፍጡር ነው፤ ያልነበረበት ጊዜ ነበር» ብሎ አስተማረ። በ325 ቆስጠንጢኖስ ጳጳሳቱን ኒቅያ ላይ ሰበሰበ፤ አርዮስም ተወገዘ። 318ቱን ሊቃውንት «ሠለስቱ ምዕት» እንላቸዋለን፤ በስማቸው ቅዳሴ አለን። ቁጥሩ አብርሃም ሎጥን ሊያስጥል ካወጣቸው 318 ሰዎች ጋር ይገጥማል (ዘፍ. 14፥14)።

«ወነአምን በመንፈስ ቅዱስ» ብሎ የሚቀጥለው ክፍል ደግሞ በ381 በቁስጥንጥንያ 150 ሊቃውንት ያጸኑት ነው። እዚያ ላይ «ዘሠረፀ እምአብ» ይላል፤ ከአብ የሠረፀ። ልጅሽ ግሪክ ቤተ ክርስቲያን የሰማችውም ቃል ይኸው ነው። ሮማውያን በኋላ «ወእምወልድ» (ከወልድም) የሚል ጨመሩበት፤ ግሪኮች ከሮም ጋር ለተለያዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዚህ በዚህ እኛና ግሪኮች አንድ አፍ ነን።


አዲስ ገቢ

ኒቅያ ላይ አይደል እንዴ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት የተመረጡት? ዩቲዩብ ላይ እንደዚያ ነው የሰማሁት።


ዜማ ቤት

አይደለም ወንድሜ። በኒቅያ ቀኖናዎች ውስጥ የመጻሕፍት ምርጫ የለም። ትልልቆቹ ጉዳዮች አርዮስና የፋሲካ ቀን ነበሩ። ዛሬ የምናውቃቸው 27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨመሩና ሳይቀነሱ ተዘርዝረው የሚገኙት አትናቴዎስ በ367 ለፋሲካ በላከው መልእክት ነው። እኛ ደግሞ 81 እንላለን። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። የእኛ ደብተራዎች ባይገለብጡት ኖሮ ዓለም ዛሬ ቁርጥራጩን ይዞ ይቀር ነበር። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።


ጽኑ

ለምን ታንዛዙታላችሁ? መልሱ አጭር ነው። ግሪኮቹ ክርስቶስን ለሁለት ከፈሉት፣ እኛ አንድ አልን፣ አለቀ። ልጅቷም መሄድ አልነበረባትም።


አቴና

ወንድሜ ጽኑ፣ አቴና ስኖር 14 ዓመቴ ነው፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሐዘንም ደስታም ተካፍያለሁ። ክርስቶስን ለሁለት የሚከፍል ግሪካዊ አላገኘሁም። ክርስቶስን ለሁለት ከፈለ የተባለውን ንስጥሮስን እነሱም አውግዘውታል፤ በ431 ኤፌሶን ላይ ከእኛው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከቄርሎስ ጋር። ቄርሎስ የእነሱም ቅዱስ ነው፤ አትናቴዎስም እንደዚያው።

ልዩነቱ የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ በኬልቄዶን ነው። ንጉሥ መርቅያንና ንግሥት ብርክልያ በ451 ጉባኤ ጠሩ። የሮሙ ፓፓ ልዮን የላከው ደብዳቤ ተነበበ፤ ጉባኤው ክርስቶስ «በሁለት ባሕርይ» ይታወቃል የሚል ቃል አጸደቀ። የእስክንድርያ ሰዎች ደግሞ ከቄርሎስ የተማሩት «ሥጋ የሆነ የእግዚአብሔር ቃል አንድ ባሕርይ» የሚለውን ነበር። «ባሕርይ» ለአንዱ ወገን የመለኮትንና የሰውን ምንነት ይናገራል። ለሌላው ያ አንድ ሕያው ክርስቶስ ራሱ ነው። አንዱ የሌላውን ቃል በራሱ መዝገብ ሲፈታ፣ የእስክንድርያው ሰው «ሁለት ባሕርይ» ሲሰማ ንስጥሮስ ተመልሶ የመጣ መሰለው። የግሪኩ ደግሞ «አንድ ባሕርይ» ሲሰማ ሥጋውን መለኮት ዋጠው የሚለው አውጣኪ መሰለው። እኛ ግን አውጣኪን እናወግዛለን። የጋለ ብረት ምሳሌያችንን ታውቃለህ፤ እሳቱ ብረቱን አላጠፋውም፣ ብረቱም እሳቱን፤ ተዋሕደው ግን አንድ ፍም ናቸው። ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል።

ስለዚህ ፈረንጆች «ሞኖፊዚት» (አንድ ባሕርይ ብቻ ባዮች) ሲሉን ደስ አይለኝም፤ የማንለውን ነው የሚያስብሉን። እኛም «ሁለት ክርስቶስ» ስንላቸው ያንኑ በደል እየመለስን ነው።


ጽኑ

በኬልቄዶን የተሻረው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስስ? ጥርሱ ወልቆ ጺሙ የተነጨው በማን ነው? መስከረም 7 ስንክሳሩ ሲነበብ ሰምተህ ታውቃለህ?


አቴና

ሰምቻለሁ። የወለቀ ጥርሱንና የተነጨ ጺሙን «የሃይማኖቴ ፍሬ ይህ ነው» ብሎ ወደ እስክንድርያ መላኩ ሲነበብ ዛሬም እንባ ይይዘኛል። ይህን አላቃልለውም። በጋንግራ በግዞት ሳለ በ454 ነው ያረፈው።

ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። በዚያው ጉባኤ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አናጦልዮስ ራሱ ዲዮስቆሮስ የተሻረው በሃይማኖት ጉድለት አይደለም ብሎ ተናግሯል፤ ቃሉ በጉባኤው መዝገብ ላይ ይገኛል። የተከሰሰው በ449ኙ የኤፌሶን ጉባኤ ላይ ባደረገው ነገርና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ባለመቅረቡ ነበር። ይህን የተናገረው የፈረደበት ወገን ነው። ለክርክርህ ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ታገኛለህ?


አወያይ

ስድብ ያለባቸውን ሁለት አስተያየቶች አንሥቻለሁ። ጠያቂዋ ለልጇ ነው የምትጠይቀው፤ እባካችሁ ልጅ እያነበበው እንደሆነ አስባችሁ ጻፉ።


ታሪክ አስተማሪ

ተመለስኩ። አቴና ትምህርቱን በሚገባ አስቀምጦታል፤ እኔ ታሪኩን ልቀጥል። «በ451» ያልኩትንም ላስተካክል፤ ቸኩዬ ነው የጻፍኩት። ጉባኤው የተደረገው በ451 ነው፤ ቁርባኑ የተለያየው ግን በአንድ ቀን አይደለም።

ዲዮስቆሮስ ሲጋዝ መንግሥት ጵሮቴርዮስን በእስክንድርያ መንበር ላይ አስቀመጠ። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ በ457 መርቅያን ሲሞት ጵሮቴርዮስን ሕዝቡ ራሱ ገደለው። እዚህ ላይ እጃችን ንጹሕ አይደለም። በ482 ንጉሥ ዘይኑን ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል ያለውን የአንድነት ደብዳቤ አወጣ፤ ብዙም አልሠራም። በ518 ዮስጢኖስ ሲነግሥ ኬልቄዶንን ያልተቀበለው የአንጾኪያው ፓትርያርክ ሳዊሮስ ተባርሮ ወደ ግብፅ ሸሸ። ከ540ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ያዕቆብ አልበረዲ የተቀዳደደ ልብስ ለብሶ፣ ለማኝ መስሎ ከአገር አገር እየዞረ በስውር ካህናትና ጳጳሳት ሾመ። የተለየ ክህነት፣ የተለየ መንበር፣ የተለየ ቁርባን ሥር የሰደደው በዚህን ጊዜ ነው። ግብፆች የንጉሡን ወገን «መለካውያን» አሏቸው፤ የንጉሥ ሰዎች ማለት ነው። ስሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

እኛስ እንዴት ከግብፅ ጋር ሆንን? መልሱ ከኬልቄዶን መቶ ዓመት ይቀድማል። ፍሬምናጦስ፣ የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ከአክሱም ወደ እስክንድርያ ወርዶ ጳጳስ ላኩልን ሲል አትናቴዎስ እሱኑ ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው። ዒዛና ገንዘቡ ላይ የነበሩትን ጨረቃና ፀሐይ አንሥቶ መስቀል አስቀረጸ። ከዚያ በ356 ገደማ ምን ሆነ? ለአርዮሳውያን ያዘነበለው የሮም ንጉሥ ቊስጣንዮስ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ እኛ በሾምነው ጳጳስ ይመርመር አለ። ደብዳቤው አትናቴዎስ በጻፈው ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይነበባል። የቄሣር እጅ አክሱም ድረስ ተዘረጋ፤ ግን አልደረሰም። እኛ ከአትናቴዎስ መንበር ጋር ቀረን። ኬልቄዶን ሲመጣም በዚያው በመንበሩ በኩል ነው የደረሰን።

ገመዱ ረጅም ነበር። እስከ 1951 ድረስ ሊቀ ጳጳሳችን ከግብፅ ነበር የሚመጣልን። በዚያ ዓመት አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1959 ደግሞ ፓትርያርክ። የሺህ ስድስት መቶ ዓመት ነገር ነው።


ኢየሩሳሌም ነኝ

ከግብፆች ጋር አንድ ቁርባን መሆን ማለት ጥል የለም ማለት እንዳይመስላችሁ። እኔ የምኖረው እዚሁ ነው። ዴር ሡልጣን የሚባለው ገዳማችን ገብታችሁ ታውቁ ከሆነ፣ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያሉትን የመነኮሳት ጎጆዎች አይታችኋል። በግቢው መሐል ብቅ ያለችው ጉልላት ከታች ያለችው የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ናት። መነኩሴው የሚኖረው በሌላው ቤተ ክርስቲያን አናት ላይ ነው ማለት ነው። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ግብፆቹ ታች ጸሎት ላይ ሳሉ የመተላለፊያው በሮች ቁልፍ ተቀይሮ ለእኛዎቹ ተሰጠ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለግብፆቹ ፈረደ፤ መንግሥት ግን ሳያስፈጽመው እስካሁን አለ። ቦታው የእኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እነሱም የእኛ ነው ይላሉ።

ያም ሆኖ ግብፃዊው ቄስ ሲያቆርብ ባገኝ እቆርባለሁ። ግሪኩ ቄስ ደግሞ ሁሌ ሰላም ይለኛል፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲይዘኝ ጃንጥላውን ሰጥቶኛል፤ ቁርባኑን ግን አይሰጠኝም። ይህ ነገር ሰው ከሰው ጋር ካለው ፍቅር የተለየ ሚዛን እንዳለው የተረዳሁት እዚህ ነው።


ወንጌላዊት ከአዋሳ

እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ከፈቀዳችሁ አንድ ነገር ልበል። ታሪኩን ስታወሩ በ451 አቁማችሁ እንዳትቀሩ። በ1054 ሮምና ቁስጥንጥንያ ተወጋገዙ፤ በ1204 ደግሞ የመስቀል ጦረኞቹ ቁስጥንጥንያን ራሷን ዘረፏት። ግሪኮች ከውግዘቱ ይልቅ ዝርፊያውን አልረሱም ይባላል፤ አምናለሁ። በ1517 ሉተር በዊተንበርግ 95 ነጥቦቹን አወጣ። የእኛም ሰው እዚያ ታሪክ ውስጥ አለ፤ በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋግሯል። ሉተር ከሮም ውጭ የቆየች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር።

አያቴ ያነበቡት ግን ሉተርን አይደለም፤ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበትን፣ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሽፋኑ በቅባት ጠቁሮ፣ ዳሩ ተበልቶ እስከ ዛሬ ቤታችን አለ። ለእኔ ክርስትና መጣልኝ የምለው በዚያ መጽሐፍ በኩል ነው።


ዜማ ቤት

እንኳን መጣሽ እኅቴ። በሁሉም አንስማማም፤ ስለ አያትሽ መጽሐፍ የጻፍሽው ግን ደስ ብሎኛል።

አንድ የረሳነው ነገር አለ። በ«ባሕርይ» ጉዳይ የተጣላነው ከግሪክ ጋር ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሳችንም ተፋጅተንበታል። ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ በሚባሉ ሦስት ወገኖች ጎጃም፣ ጎንደርና ሸዋ ተከፋፍሎ ስንት ዘመን ኖረ! በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አስደርገው፣ ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት ለተዋሕዶ ተፈረደ። እዚያም ንጉሥ ጉባኤ ጠራ፣ እዚያም የተረታው ወገን ተቀጣ። መምህር ስለ ቆስጠንጢኖስ የጻፈውን ሳነብ ቦሩ ሜዳ ነው ትዝ ያለኝ። የኔታ ይህን ጉባኤ ሲያወሩልን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አያታቸው ከተረቱት ወገን ነበሩ።


አቴና

ዕርቁም ተሞክሯል። ከ1964 ጀምሮ የሁለቱ ወገን ሊቃውንት በአርሁስ፣ በብሪስቶል፣ በጄኔቫ፣ በ1971 ደግሞ በአዲስ አበባ ተገናኝተው ተነጋግረዋል። በ1989ና በ1990 ባወጡት መግለጫ በመሠረቱ አንድ እምነት ነው ያለን ብለው ፈርመዋል። ከዚያ በፊት በ1965 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የግብፅን፣ የሶርያን፣ የአርመንን፣ የሕንድን አባቶች ከእኛ አባቶች ጋር አዲስ አበባ ሰብስበው ነበር። ቁርባኑ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈተም። አንዱ ወገን የሚያወግዘውን ሌላው በቅዳሴ ቅዱስ ብሎ ይጠራዋል፤ ልዮን ለእነሱ፣ ዲዮስቆሮስ ለእኛ። ይህ በፊርማ አይፈታም።

የሜሪላንዷ እናት፣ ለልጅሽ አንድ ስም ልስጥሽ። ዐፄ ካሌብ። በ520ዎቹ በደቡብ ዓረብ የናግራን ክርስቲያኖች ሲፈጁ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የዘመተውን ታውቂዋለሽ። ዝመት ብሎ የጠየቀው ማን ነበር? ሳዊሮስን ያባረረው፣ የኬልቄዶኑ ዮስጢኖስ። ካሌብ ደግሞ የእኛ ወገን ነበር። ግሪኮች ይህን እያወቁ ቅዱስ ብለው መዝግበውታል፤ በንግሥ ስሙ በ«እለ አጽብሓ»። በእነሱ አፍ «ኤለስባን» ሆኗል። ጥቅምት 24 በፈረንጅ ቀን ስንክሳራቸውን ይግለጡ።


የሜሪላንዷ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ማታ ማታ ነው ያነበብኳችሁ፤ የሚከብደውን እየዘለልኩ ለልጄም አነበብኩላት። ጽኑ፣ አንተም ስለ ዲዮስቆሮስ ስላነሣህ አመሰግንሃለሁ፤ ስለ ጥርሱ ስነግራት ብዙ ዝም አለች።

ቅዳሜ ጓደኛዋ ቤት ይዣት ሄድኩ። አያቷ እንግሊዝኛ ብዙም አይሉም፤ ጓደኛዋ ነበረች የምትተረጉምልን። ጥቅምት 24ን ያሳዩን ብላ አስጠየቀችልን። አሮጊቷ መነጽራቸውን አጥልቀው ከሥዕል ቤቱ ሥር ወፍራም መጽሐፍ አወጡ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ መጡና ቆሙ፤ «ኤለስባን፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ልጄን አዩዋት፤ ደግመው መጽሐፉን አዩ። አማተቡ። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያማትቡት፤ ልጄ ወዲያው አየችው።

መኪና ውስጥ ስንመለስ «እማዬ፣ ማማተቡስ የተለያየው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። መምህር፣ ክፍለ ጊዜ ከሌለህ ይህንንም።